ሲስተም አፕግሬድ ካደረጋችሁ በኋላ ስቱዲዮው ሲንቀራፈፍ፦ ችግርና መፍትሄ

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ የሚመጣልኝ ቅሬታ አንድ ዓይነት ሆኗል። «ወደ 11 አሻገርኩት፣ ከዚያ በኋላ ኪዩቤዙ አልሰራ አለኝ።» እንደ ኪዩቤዝ የሙዚቃ መቅረጫ ሶፍትዌር የሆነውን ኤፍኤል ስቱዲዮ የሚጠቀመውም የሚለው ያንኑ ነው። ያን ሁሉ ትራክ ያለ ችግር ያጫውት የነበረ ማሽን አሁን ከበሮና ቤዝ ብቻ ሲሰጡት ይንተፋተፋል።

ሪስታርት አድርጋችኋል፣ ሲ ድራይቭ ላይ ቦታ አለ፣ ገመዱ ደህና ነው ብዬ ነው የምነሳው። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበል። ፎርማት አታድርጉ፣ ራምም ለመግዛት አትሩጡ። ሰፈር ውስጥ ያለ ጥገና ቤት ሁሉ መልሱ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ሁለቱም ደግሞ ገንዘብና ፕሮጀክት ያስበላሉ።

ድምፁ ይቆራረጣል፣ ሲፒዩው ግን ሥራ የለውም

ደጋግሞ የሚገጥመኝ ይሄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገር።

ምልክቱ እንዲህ ነው። ፕሮጀክቱ ሲጫወት ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይገባበታል። የሶፍትዌሩ የኦዲዮ መለኪያ ቀይ እየነካ ይመለሳል። ታስክ ማናጀር ስትከፍቱ ግን ሲፒዩው 20 በመቶ ላይ ዘና ብሎ ተቀምጧል። ሰው ግራ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ታስክ ማናጀር የሚያሳየው አማካይ ነው። ለድምፅ ደግሞ አማካይ አይሠራም። በፈሩ (በአንድ ጊዜ የሚዘጋጀው የድምፅ ቁራጭ መጠን) 128 ሳምፕል፣ ሳምፕል ሬቱ (በሰከንድ የሚያልፈው የሳምፕል ብዛት) 44,100 ከሆነ ኮምፒውተሩ በየ2.9 ሚሊሰከንዱ አንድ ቁራጭ ድምፅ አዘጋጅቶ ማድረስ አለበት። አንዷ ከዘገየች የምትሰሙት ያንን ጠቅታ ነው። ይህን ቀጠሮ በአግባቡ የሚያስጠብቀው የኦዲዮ ካርዳችሁ (ማይኩንና ማዳመጫውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ዕቃ) የራሱ አሲዮ ድራይቨር ነው፤ አሲዮ ሶፍትዌሩን ከካርዱ ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ መንገድ ነው። አፕግሬዱ ብዙ ጊዜ የድሮውን ድራይቨር ይጥለውና የራሱን ለሁሉም የሚሆን ድራይቨር ይተካል። የካርዱ መብራት ይበራል፣ ዩትዩብም ይጫወታል። ስለዚህ ካርዱን ማንም አይጠረጥረውም።

ለማረጋገጥ ደቂቃ አይፈጅም። ኪዩቤዝ ላይ ስቱዲዮ ሴትአፕ ገብታችሁ ኦዲዮ ሲስተም የሚለውን ክፈቱ። ኤፍኤል ስቱዲዮ ላይ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ኦዲዮ ሴቲንግስ። የተመረጠውን ስም አንብቡት። የካርዳችሁ ስም ከሌለና በምትኩ «ጀነሪክ ሎው ላተንሲ»፣ «ኤፍኤል ስቱዲዮ አሲዮ» ወይም «አሲዮ ፎር ኦል» ተጽፎ ካያችሁ ሌባው ተይዟል።

አንድ ልጅ ይህን ሳያይ ራሙን ከ8 ወደ 16 አሳደገ። አልተሻለም። ቀጥሎ ኤስኤስዲ ገዛ። አሁንም ያው። እኔ ጋ ሲመጣ የሰጠሁት የካርዱን ድራይቨር ብቻ ነበር። ኢንተርኔት ላይ በነፃ የተቀመጠ ፋይል።

ከዚህ የባሰው በፈሩን እያሳደጉ መኖር ነው። የእንቁጣጣሽ ነጠላ ዜማ ለማድረስ ጥድፊያ ላይ የነበረ አንድ ስቱዲዮ ጠቅታውን ለማጥፋት በፈሩን 2048 ላይ ሰቀለው። ጠቅታው ጠፋ። ግን 2048 ማለት በ44,100 ሲወጣ 46፣ ሲገባ ሌላ 46 ሚሊሰከንድ ነው። ድምፃዊው የራሱን ድምፅ ማዳመጫ ውስጥ የሚሰማው ከ90 ሚሊሰከንድ በላይ ዘግይቶ ነው። ዘፈኑ ፈጣን ችክችካ ነበር። ትልቁ ምት በደቂቃ 120 ቢሆን እንኳ በውስጡ ካሉት ሦስት ትንንሽ ምቶች እያንዳንዷ 167 ሚሊሰከንድ ናት። መዘግየቱ ከትንሿ ምት ግማሽ በለጠ ማለት ነው።

«ወንድሜ፣ ከቢቱ ጋር ሂድ እንጂ!»

«እየሄድኩ ነው ባክህ፤ ቢቱ ነው የሚሸሸኝ!»

ድምፃዊው እውነቱን ነበር። ቀኑን ሙሉ ቴምፖ አይጠብቅም ተብሎ ተሰደበ። በፈር ማሳደግ ለሚክስ (የተቀረፀውን ለማዋሃድ) እንጂ ለቀረፃ መፍትሄ አይደለም። የግድ በዚያ ቀን መቅረፅ ካለባችሁ፣ ድምፃዊው ራሱን በቀጥታ ከካርዱ እንዲሰማ ካርዱ ላይ ዳይሬክት ሞኒተር የሚለውን ቁልፍ ክፈቱና ሶፍትዌሩ ውስጥ ሞኒተሩን ዝጉ።

ሦስተኛው ጣጣ ደግሞ የሚያስቅም የሚያናድድም ነው። ድራይቨሩ ሲቀየር ግብአቱም ይቀየራል። በክረምት አንድ ቀን የመጣልኝ ቮካል ሽንት ቤት ውስጥ የተዘፈነ ይመስላል፤ ከጀርባው ዝናብ ቆርቆሮ ሲደበድብ ይሰማል። ኢኪው (የድምፅ ቀለም ማስተካከያ) ተደርጎበታል፣ ጌት (ጫጫታ መቁረጫ) ተደርጎበታል፣ ምንም አልሆነም። ድምፃዊቷ ፊት ውድ ኮንዴንሰር ማይክ ቆሞ፣ የተቀረፀው ለካ በላፕቶፑ በራሱ ማይክ ነበር። ከመቅረፃችሁ በፊት የላፕቶፑን ጠርዝ በጣታችሁ አንኳኩ። ሜትሩ ከዘለለ የምትቀርፁት በእሱ ነው።

መፍትሄው በዚህ ቅደም ተከተል ይሂድ፤ ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። መጀመሪያ የካርዱን አምራች ድረ ገጽ ገብታችሁ ለዊንዶውስ 11 የሚሆነውን ድራይቨር አውርዱ። የሲስተም አፕዴት ድራይቨር በራሱ እንዳይጭን ኢንተርኔቱን ዝጉ። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ «ሾው ሂድን ዲቫይስስ» የሚለውን አብሩ። የካርዳችሁን ስም ባገኛችሁበት ሁሉ አንኢንስቶል አድርጉ፤ ድራይቨሩንም ጭምር ይሰረዝ የሚለውን ሳጥን ምልክት ማድረግ አትርሱ። ካርዱን ንቀሉ። ሪስታርት። ድራይቨሩን ጫኑ። ካርዱን ስካው ሲላችሁ ብቻ ስኩት፤ አንዳንዱ ቀድሞ ከተሰካ ተበላሽቶ ይጫናል። ሲሰካም በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ እንጂ በዩኤስቢ ማከፋፈያ አይሁን። አምስት መቶ ነገር የተሰካበት ርካሽ ማከፋፈያ ላይ ኦዲዮ ካርድ አንጠልጥሎ «ይቆራረጣል» የሚል ሰው ትዕግስቴን ይጨርሰዋል።

በመጨረሻ ሶፍትዌሩ ውስጥ የካርዱን ስም ምረጡ። የሲስተሙ ድምፅ 48,000፣ ፕሮጀክታችሁ 44,100 ሆኖ እንዳይጣሉም ሁለቱን አንድ አድርጉ።

አምራቹ ለአዲሱ ሲስተም ድራይቨር ካላወጣስ? ለቀድሞው ሲስተም የወጣው የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ሞክሩት። የራሱ ድራይቨር የሌለው፣ የታወቀ ካርድ ተመስሎ የተሠራ ርካሽ ዕቃ ከሆነ ግን አትድከሙ። ሻጩ «ሰክተህ መጠቀም ነው» ያላችሁ እንደ ጥቅም ነበር፤ እንከኑም እሱው ነው። አሲዮ ፎር ኦል ጥሩ መሸፈኛ ነው፣ ግን የሌለ ድራይቨር አይፈጥርም።

መብራት ሲሄድ ይብሳል

አፕግሬዱ የኃይል አጠቃቀሙን ወደ ቁጠባ መልሶት ሊሆን ይችላል። ሲፒዩው ፍጥነቱን እያወረደ እያወጣ ስለሚሄድ ድምፁ ይንገዳገዳል። ፓወር ሞዱን «ቤስት ፐርፎርማንስ» ላይ አድርጉ፤ በቻርጀርም በባትሪም ለየብቻ ያሳያችሁ እንደሆነ ሁለቱንም። የዩኤስቢ ሰሌክቲቭ ሰስፔንድንም አጥፉት፤ ካርዱን መሃል ላይ የሚያስተኛው እሱ ነው። ላፕቶፕ በባትሪ ብቻ ሲሠራ ብዙው ምንም ብታደርጉት ኃይሉን ይቀንሳል። መብራት ከሄደ ሚክሱን ቀጥሉ፣ ቀረፃውን አቁሙ።

ፕሮጀክቱ ለመከፈት ዕድሜ ይፈጃል

መጀመሪያው ቀን ከሆነ ተዉት። ሲስተሙ ፋይሉን ሁሉ እንደ አዲስ እየመዘገበ ነው። ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ ይደር።

ሳይሻለው ከሰነበተ ዋን ድራይቭን (ፋይል ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጠውን የማይክሮሶፍት አገልግሎት) እዩ። አፕግሬዱ ሲያልቅ «ፋይሎችህን ላስቀምጥልህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሰው ሳያነብ እሺ ይላል። የኤፍኤል ስቱዲዮ የተጠቃሚ ፎልደር ያለው ዶክመንትስ ውስጥ ስለሆነ ሙሉው ወደ ኢንተርኔት መጫን ይጀምራል። ዲስኩም ይጨናነቃል፣ የገዛችሁት ዳታም ያልቃል። የዶክመንትስን ባክአፕ አጥፉ፤ ፋይሎቹ ላፕቶፑ ላይ መመለሳቸውን ሳታዩ ግን ምንም አትሰርዙ። ይህን ሁለቴ አንብቡት።

ኮንታክት በሚባለው የሳምፕል ማጫወቻ ላይ የማሲንቆና የክራር ሳምፕል የምትጭኑ ደግሞ የዊንዶውስ ፀረ ቫይረስ ዲፌንደር እያንዳንዷን ፋይል ሲፈትሽ ነው የምትጠብቁት። የሳምፕል ፎልደሩን ብቻ ከፍተሻ አስወጡት። ዳውንሎድስን አይደለም! ላይብረሪው ቦታ ቀይሮ ከሆነ ኮንታክት ውስጥ ባች ሪሴቭ በሚለው ሁሉንም ባንዴ ዳግም ሴቭ አድርጉት፤ ከዚያ በኋላ በፍጥነት ይከፈታል።

ክራክ ፕለጊን

እዚህ ላይ ብዙ አልልም። ከአፕግሬዱ በኋላ ሶፍትዌሩን የሚያደርቀው አንድ ፕለጊን (ሶፍትዌሩ ላይ የሚጨመር መሣሪያ ወይም ኢፌክት) ብቻ ከሆነና እሱም ክራክ (ሳይገዛ ቁልፉ ተሰብሮ የተጫነ) ከሆነ፣ መፍትሄው ያንን ፕለጊን ማውጣት ነው። ምንም ሳትከፍቱ ሲፒዩው የሚንጫጫ ከሆነ ከክራኩ ጋር የገባ ሌላ ፕሮግራም ከጀርባ እየሠራ ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ያለው ስልክ አትደውሉልኝ።

ብርቅዬዎቹ

ድራይቨሩም ኃይሉም ልክ ሆኖ ከተቆራረጠ የትኛው ድራይቨር እንደሚያዘገይ የሚያሳየውን ላተንሲሞን የሚባል ነፃ መሣሪያ ሙዚቃ እያጫወታችሁ ጥቂት ደቂቃ አሂዱት። ኤንዲአይኤስ የሚል ስም አናት ላይ ከወጣ ዋይፋዩ ነው፤ ስትቀርፁ አጥፉት።

ሜሞሪ ኢንተግሪቲ የሚባለው የዊንዶውስ ጥበቃ በርቶ ከሆነ የድሮ ድራይቨር ላይጫን ይችላል፤ ማጥፋቱ ግን ጥበቃውን ይቀንሳል።

ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ላፕቶፕ፣ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል 7ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በታች፣ በዘዴ ተገፍቶ 11 የገባበት፦ አብዛኛው ማይክሮሶፍት ለ11 በፈቀዳቸው ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ውስጥ የለም። ባይሆን ወደ 10 መልሱትና ከኢንተርኔት አርቁት።

ማክ ላይ የምትሠሩ፦ ከካታሊና (ማክኦኤስ 10.15) ጀምሮ ባለ 32 ቢት ፕለጊን አይሠራም። በአፕል ቺፕ ላይ ለኢንቴል የተሠራ ፕለጊን ሮዜታ በሚባለው የአፕል መተርጎሚያ በኩል ስለሚያልፍ ይከብዳል፣ አዲሱን እትም ጫኑ። በማርች 2024 የወጣው ማክኦኤስ 14.4 አንዳንድ ቅጂ እንዳይደረግባቸው የተቆለፉ ፕለጊኖችን አልከፍት ብሎ ነበር፤ 14.4.1 አስተካክሎታል። አሁንም 14.4 ላይ የቆመ ካለ ከዚያ ይውጣ።

ሁሉም ካልሆነ፣ ዊንዶውስ 11 ከገባ 10 ቀን ሳይሞላው ሴቲንግስ ውስጥ ሪከቨሪ ገብታችሁ ወደ ቀድሞው መመለስ ትችላላችሁ። «ዊንዶውስ ኦልድ» የሚለውን ፎልደር ቦታ ያዘብኝ ብላችሁ ከሰረዛችሁት ግን ይህ አማራጭ የለም።