ስልካችሁን አታጥፉ፦ የአይቲ ኮንትራት ስራ ፈላጊዎች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

የኮንትራት ስራ እሰራለሁ። ሲበዛብኝ ደግሞ ለሌሎች አካፍላለሁ። ስለዚህ ፕሮፖዛል እጽፋለሁም፣ አነባለሁም። አንባቢ ሆኜ ሳየው ብዙ ልጆች የሚወድቁት በችሎታ ማነስ አይደለም። ይችላሉ። ስራ የሚሰጣቸው ሰው ምን እንደሚፈራ ግን አያስቡም።

አዲስ አበባ ውስጥ ዌብሳይት ወይ ሲስተም አሰርቶ የሚያውቅ ነጋዴ ጠይቁ። «አንድ ልጅ ነበር፣ ቀብዱን ወስዶ ጠፋ» የሚል ታሪክ አያጣም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ዴቨሎፐር ሁሉ የሚመዘነው በዚያ በጠፋው ልጅ ነው። ይህን ፍርሃት የሚያቀልለት ሰው ስራውን ያገኛል።

ገበያው እንደሆነ ጠቧል። በ2015 ዓ.ም. ሜታ 11 ሺህ፣ ጉግል 12 ሺህ ሰራተኛ እንደሚቀንሱ ሲናገሩ የሩቅ ዜና መስሎን ነበር። ዛሬ አፕወርክ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮንትራት ስራ መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ ለአንዲት ትንሽ ስራ ስታመለክቱ ጎናችሁ የተሰለፈው ትልልቅ ካምፓኒ ውስጥ የሰራ ሰው ሊሆን ይችላል። እዚህ አገር ደግሞ «5 ሚሊዮን ኮደርስ» የተባለው የመንግሥት የኦንላይን ስልጠና ሰርተፊኬት የያዘ ወጣት በየሰፈሩ አለ። ተራ ዌብሳይት የሚፈልግ ሰው ቻትጂፒቲን ይጠይቃል። ድሮ በቀላሉ ይታለፍ የነበረ ጥፋት አሁን ስራ ያስከለክላል።

«ሁሉንም እንሰራለን»

በቴሌግራም የሚደርሰኝ መልእክት ይህን ይመስላል፦ «ሰላም፣ ዌብሳይት፣ ሞባይል አፕ፣ ግራፊክስ፣ ቪዲዮ ኤዲቲንግ፣ ኔትወርክ ዝርጋታ፣ የደህንነት ካሜራ ገጠማ እና ዲጂታል ማርኬቲንግ እንሰራለን።» «እንሰራለን» የሚለው አንድ ልጅ ነው። ብቻውን፣ ከነላፕቶፑ።

እኔ ደግሞ ያን ጊዜ የምፈልገው ኦዱ በሚባለው የድርጅት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ላይ የደመወዝ ሪፖርት የሚያስተካክል ሰው ነው። ከዚያ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ ኦዱ የሚል የለም። ምናልባት ልጁ ኦዱን አሳምሮ ያውቃል። በምን ልወቅ?

«ራሴን ካጠበብኩ ስራ ይቀርብኛል» ይሉኛል። ገበያ በጠፋ ጊዜ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የውጭ ሰው በቀላሉ የማይነጥቃችሁ ስራ እኮ እዚሁ አለ። የኛን ዘመን አቆጣጠር ሶፍትዌር ውስጥ ማስገባት አንዱ ነው። 13ኛ ወር የማያውቅ ሲስተም ጳጉሜ ላይ ምን እንደሚያደርግ ያየ ሰው ይገባዋል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 የሚዘጋ ድርጅት ሪፖርቱን ከጥር እስከ ታኅሣሥ ሲያወጣለት ምን ይበል? ቴሌብርን ወይም ቻፓን የመሰለ የኦንላይን ክፍያ ከአንድ ሱቅ ሲስተም ጋር ማገናኘትም አለ። ለእርዳታ ድርጅቶች ኮቦ በሚባለው የመረጃ መሰብሰቢያ ላይ የጥናት ቅጽ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ማዘጋጀት አለ። ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበትን ዲኤችአይኤስ2 የተባለ የጤና መረጃ ሲስተም የሚያውቅ ሰው የሚፈለግባቸው ፕሮጀክቶችም አሉ።

ከነዚህ አንዱን ያዙና የመጀመሪያው መስመር ላይ እሱን ጻፉ። ሌላውን የምትችሉትን ነገር ስራውን ከያዛችሁ በኋላ ደንበኛው ራሱ ይጠይቃችኋል።

«ዲር ሃየሪንግ ማናጀር»

በዚህ ሰላምታ የሚጀምር አንድ ፕሮፖዛል ለሃያ ሰው የሚልክ ሰው ብሩን እየጣለ ነው። አፕወርክ ላይ ለማመልከት የሚከፈልበት ኮኔክት የሚባል ነገር አለ፤ አንዱ 15 የዶላር ሳንቲም ነው። ለአንድ ስራ ለማመልከት ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ኮኔክት አይበቃም። አሁን ደግሞ ሁሉም በቻትጂፒቲ ስለሚያስጽፍ ፕሮፖዛሉ ሁሉ የአንድ እናት ልጅ ይመስላል። ሁሉም «ፕሮጀክትዎን በጉጉት አነበብኩ» ይላል። ያነበበ ግን የለም።

አንዴ የቀጠርኩት ልጅ የጻፈልኝ አራት መስመር ብቻ ነበር። የደንበኛዬን ዌብሳይት በስልኩ ከፍቶ ሞክሮታል። የክፍያ ቁልፉ በትንሽ ስክሪን ላይ ከሌላ ጽሑፍ ስር ተደብቋል። ስክሪንሾት አንስቶ ላከልኝ። «ምክንያቱ ይሄ ይመስለኛል፣ ዛሬ ማታ ላስተካክለው እችላለሁ» አለ። ሲቪውን አልጠየቅኩትም።

ስልክ ማጥፋት

ይሄኛው ነው የሚያናድደኝ። ገና ሳልጽፈው ደሜ ይፈላል።

አካሄዱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ስራው ሐሙስ ሊደርስ ቃል ተገብቷል። ማክሰኞ አንድ ነገር እምቢ ይላል። ልጁ ያፍራል። «ዛሬ ማታ እፈታዋለሁ» ብሎ ለራሱ ይነግራል። ረቡዕም አልተፈታም። ሐሙስ ጠዋት ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ከሰዓት «የደወሉላቸው ደንበኛ ጥሪ አይቀበልም»። ቴሌግራም ላይ መልእክቱ ተነቧል፣ መልስ የለም። ሰኞ ብቅ ይልና «ታምሜ ነበር» ይላል። ወይ መብራት ጠፍቶ ነበር። ወይ ላፕቶፑ ተበላሽቶ ነበር። ሁሉም ሊሆን ይችላል፣ በዚህ አገር መብራት ጠፋ የሚልን ሰው ውሸታም አልልም። ግን ማክሰኞ ማታ ስልክህ ይሰራ ነበር አይደል ወንድሜ?

አንድ ትምህርት ቤት ነበር። ነሐሴ ላይ ምዝገባ በኦንላይን ሊጀምር ለወላጆች ማስታወቂያ ለጥፏል። ስራውን የሰጠሁት ልጅ ጎበዝ ነው፤ አሁንም ቢሆን ጎበዝ ነው እላለሁ። ቅጹን ሰርቷል፣ ዳታቤዙን ሰርቷል፣ የሰርቨሩ ፓስወርድም እሱ ጋ ነው። የቀረው ክፍያ ሲፈጸም ማረጋገጫው ተመልሶ ወደ ሲስተሙ እንዲመጣ ማድረግ ብቻ ነበር። እሱ እምቢ አለው። እና ጠፋ። ምዝገባው የሚጀመርበት ቀን ወላጆች በር ላይ ተሰልፈው በወረቀት ተመዘገቡ። ርዕሰ መምህሯ የደወሉት ለኔ ነው። ልጁ ሲገኝ ኮዱን አብረን አየነው። ማረጋገጫው የሚላክበት አድራሻ ተሳስቶ ተጽፎ ነበር። እምቢ ባለው ቀን ቢደውል ኖሮ ቡና ሳይፈላ ይፈታ ነበር።

አብዛኞቹ የሚጠፉት ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ይሉኝታ ነው። አልቻልኩም ማለት ያሳፍራል። ግን ደንበኛው በዝምታችሁ ውስጥ ይሉኝታችሁን አያይም። የሚያየው ሌባ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ንጹሕ ልጅም በዚያው ዓይን ይታያል። ቀብድ አልሰጥም የሚል ነጋዴ የበዛው ለምን ይመስላችኋል? እኛው ነን ያስተማርናቸው።

እንዲህ ብሎ መጻፍ ምን ይከብዳል፦ «ጋሼ፣ የክፍያው ማረጋገጫ አልመለስ ብሎኛል። ሐሙስ አይደርስም፣ ቅዳሜ እጨርሳለሁ። እስከዚያ ምዝገባውን ያለ ክፍያ ልክፈትልዎት?» እንዲህ ብሎ ጽፎ ስራውን የተነጠቀ ልጅ አላየሁም። ትንሽ ይቆጣሉ። ከዚያ «እሺ፣ ቅዳሜ እንዳይቀር» ይላሉ።

የኢንተርኔትን ነገር አስቀድሞ አለመናገር

ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር። የውጭ ደንበኞቻቸውን ያጡ ልጆች አውቃለሁ። ያላጡም አሉ። ያላጡት ስራ ሲጀምሩ «እዚህ አገር ኔትወርክ ሊቋረጥ ይችላል፣ ኮዱን በየቀኑ ጊትሃብ (የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ) ላይ አስቀምጣለሁ፣ ድንገት ብጠፋ ምክንያቱ ይህ ነው» ብለው የተናገሩት ናቸው። የቴሌም የሳፋሪኮምም ሲም ያዙ። ፓወር ባንክ ያዙ። ይህን የማያደርግ ሰው አለ ብዬ አላስብም ነበር፣ ለካ አለ።

በብር የማይተመነውን በብር መተመን

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት «ሆስቲንጉንና ዶሜይኑን (የዌብሳይቱን ማስቀመጫ ኪራይና አድራሻውን) ጨምሮ ለሦስት ዓመት» ብለው በብር የተዋዋሉ ልጆች ነበሩ። ሆስቲንጉ የሚከፈለው በዶላር ነው። ልዩነቱ ከኪሳቸው ወጣ። ሆስቲንግን ከጉልበት ዋጋችሁ ለዩ። ውሉ ላይም «በክፍያው ቀን ባለው ምንዛሪ» በሉ። ዶሜይኑን ደግሞ በደንበኛው ስም አስመዝግቡ። ዶሜይን ይዞ «ብሬን ካልከፈልክ አልለቅም» የሚል ዴቨሎፐር መብቱን ያስከበረ ሊመስለው ይችላል፤ ከተማው ግን ትንሽ ነው።

በነጻ ሰርቶ ፖርትፎሊዮ መያዝ የሚባለው ምክርም እዚህ ይግባ። ለዘመድ አንድ ጊዜ ስሩ፣ ይበቃል። በነጻ የሰራችሁለት ሰው ለጓደኛው ሲያስተዋውቃችሁ «በነጻ ይሰራል» ብሎ ነው። ዲሲና ሲያትል ያሉ የኛ ሰዎች ምግብ ቤት ሲከፍቱ ዌብሳይት ያሰራሉ። «አገር ቤት ስለሆንክ ይረክስልሃል» የሚሏችሁ ካሉ በስራው ልክ ተደራደሩ እንጂ በአድራሻችሁ ልክ አትደራደሩ።

ያለ ቀብድ መጀመር

አትጀምሩ። 30 በመቶም ቢሆን ተቀበሉ። ቀሪውን ደንበኛው ሲሰራ በሚያየው ነገር ላይ ከፋፍሉት፦ ሎግኢኑ ሲሰራ፣ ሪፖርቱ ሲወጣ፣ ከርክክብ በፊት። ደንበኛው ፈርቶ ቀብዱን ካሳነሰ የመጀመሪያውን ክፍል አሳንሱለት። በሳምንት ውስጥ በዓይኑ የሚያየው ነገር ስጡት። ውሉ ሁለት ገጽ ቢሆን ይበቃል። «ማስተካከያ እስከ ስንት ጊዜ» የሚለው ግን አይቅር። ያ መስመር የሌለው ውል ላይ የሎጎ ቀለም ሲቀያየር ዓመት ይሞላል።

አፕወርክ ላይ በቁርጥ ዋጋ ስትሰሩ ደግሞ ማይልስቶኑ (የስራው ክፍል) አስቀድሞ ገንዘብ የገባበት መሆኑን ሳታዩ አንድ መስመር ኮድ አትጻፉ። ስራውን በደንቡ ካስረከባችሁ ደንበኛው ዝም ቢልም ከ14 ቀን በኋላ ክፍያው ይለቀቃል። ገንዘብ ካልገባ ግን የሚለቀቅ ነገር የለም።

አካውንት ማከራየት

«የተረጋገጠ የአፕወርክ አካውንትህን አከራየኝ፣ በየወሩ እከፍልሃለሁ፣ አንተ ምንም አትሰራም።» ስራ በጠፋበት ሰሞን ይህ መልእክት ይጣፍጣል። ከጀርባው ማን እንዳለ አታውቁም። ሰሜን ኮሪያውያን የአይቲ ሰራተኞች በሌላ ሰው ማንነት ስራ እንዲይዙ የረዱ ሰዎችን የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ከስሶ አስፈርዶባቸዋል። መታወቂያችሁ ነው፣ ፊታችሁ ነው። እምቢ በሉ።

የማታውቁትን ኮድ መክፈት

ሊንክድኢን ላይ ቀጣሪ ነኝ ብሎ «ይህን ፕሮጀክት አውርደህ አስነሳው፣ ፈተናህ ነው» የሚል አለ። ኮዱ ውስጥ ፓስወርድ የሚሰርቅ ነገር ይቀበራል። ከላፕቶፓችሁ ፋይሎች የተነጠለ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ካልሆነ አትንኩት።

ቲን ቁጥር አለመያዝ

የእርዳታ ድርጅቶች የኮንሰልታንት ማስታወቂያ ጥሩ ገበያ ነው፤ ብዙ ፕሮግራመር አያየውም። ነገር ግን ቲን ቁጥር (የግብር ከፋይ መለያ) እና ንግድ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ያለነዚህ ከክፍያችሁ ላይ የሚቆረጠው ግብር ያስለቅሳል። ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ መሯሯጥ አያዋጣም፣ አሁን አውጡ።

አዲስ ሰው ብቻ ማሳደድ

ሌሊቱን ሙሉ የቴሌግራም ቻናል ሲያድሱ የሚያድሩ ልጆች ያሳዝኑኛል። አንድ ስራ ሲለጠፍ ስንት ሰው እንደሚረባረብበት ያውቁታል። አምና ስራ ያስረከቡት ደንበኛ ግን ስልካቸው ውስጥ አለ፤ አንድም ቀን አልደወሉለትም። እሱ ዘንድ ፍርሃቱ አልፏል። ስራ እንደምትጨርሱ በዓይኑ አይቷል።

«ስራ አለህ ወይ» ብላችሁ አትደውሉለት። ከሲስተሙ ተነስታችሁ ጠይቁ፦ «ባለፈው የሰራነው ሪፖርት ለዘንድሮ ሂሳብ መዝጊያ ይሆናል? የግብር ቅጹ ከተቀየረ ላስተካክልልዎት።» ጊዜውንም ምረጡ። ሰኔ 30 የሚዘጋ ድርጅት ያልተጠቀመበት በጀት ካለው ለማውጣት የሚቸኩለው ግንቦት ላይ ነው። ሐምሌ ላይ ብትደውሉ የሂሳብ ክፍሉ ገና አዲሱን በጀት እየጠበቀ ነው፣ «መስከረም ላይ ተመለሱ» ይላችኋል።