ትራንሰሙ ሲነቃነቅ፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ሞተሩ የሚታሰርበት የጀልባው የኋላ ግድግዳ ትራንሰም ይባላል። ላዩን ሲያዩት ፋይበርግላስ ብቻ ይመስላል። ብዙ አሮጌ ጀልባዎች ላይ ግን በሁለቱ የፋይበርግላስ ሽፋኖች መሀል ኮምፔርሳቶ አለ። ጣጣው ያለው እሱ ጋ ነው።

ምልክቱ፦ ሞተሩን ወደ ላይ አንሱና ታችኛውን ጫፍ ይዛችሁ ከፍ ዝቅ አድርጉት። ሌላ ሰው ትራንሰሙን ይመልከት። አብሮ ከተነቃነቀ እንጨቱን ጠርጥሩ። ከዚያ በመዶሻ እጀታ አንኳኩ። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው ግን ድፍን ይላል። ይህም አይበቃም። ከውስጥ በኩል፣ ዝቅ ብሎ፣ በቀጭን መሰርሰሪያ ብሱት። ደረቅና ነጣ ያለ ሰጋቱራ ከወጣ ተመስገን ነው፤ ሌላ ምክንያት ፈልጉ። ጥቁር፣ እርጥብ ነገር ወጥቶ ቡናማ ውሃ ከተከተለው ግን እንጨቱ አልቆለታል።

መንስኤው፦ በደንብ ያልታሸገ ቀዳዳ። የሞተሩ ብሎን፣ የውሃ ማፍሰሻው፣ መሰላል ለማሰር የተበሳችው ትንሿ ቀዳዳ ሳትቀር።

መፍትሄው፦ የላይኛውን ጠርዝ ከፍቶ እንጨቱን ማውጣት፣ ከዚያ እንደ ሲካስት ያለ፣ ከማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅሎ የሚፈስ ሙሌት (ሬዚን የሚባል የሚደርቅ ሙጫ ያለበት) መጨመር። ጥቅሙ ሁለቱ ሽፋኖች ሳይፈርሱ መቅረታቸው ነው። ጉልበት የሚሆኑትም እነሱ ስለሆኑ፣ የተሰነጠቀ ሽፋን ካለ መጀመሪያ እሱ ይጠገን። ሥራው ያለው ማውጣቱ ላይ ነው። ማዕዘን ውስጥ የቀረች እርጥብ እንጨት ሙሌቱ እንዳይያያዝ ታደርጋለች። ንጹህ ፋይበርግላስ እስኪታይ ፋቁ፣ በደንብ አድርቁ፣ ቀዳዳዎቹን ድፈኑ።

ካፈሰሳችሁ በኋላስ?

ሽፋኑ ሆዱ ከተነፋ ድጋፍ አልነበረውም ማለት ነው። ሙሌቱ ከባድ ነው፤ ሳይደርቅ ሽፋኑን ይገፋል። ከመፍሰሱ በፊት በሁለቱም በኩል ወፍራም ጣውላ አድርጋችሁ በሞርሳ አጥብቁት። ከደረቀ በኋላ መመለሻ የለውም።

ካልጠነከረ ቅዝቃዜ ወይም ያነሰ ማጠንከሪያ ነው። ቦታውን አሙቁና ጠብቁ። ላዩ ላይ ማጠንከሪያ መጨመር ግን ምንም አይፈይድም። እምቢ ካለ ማውጣት ነው።

ካጨሰ ወይም ከተሰነጠቀ ማጠንከሪያው በዝቷል። በዓይን መገመት ይቅር፤ ዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ መዝኑ። ይህ የማጠንከሪያ ፈሳሽ፣ ኤምኢኬፒ የሚባለው፣ ዓይን ያጠፋል። ያለ መነጽርና ጓንት አትንኩት፤ የሬዚኑን ሽታ የሚያግድ ማስክም ያስፈልጋል።

ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ካለ አየር ታፍኗል። በሁለት ቦታ ብሱና ሬዚን በሲሪንጅ ሙሉበት። ቀድሞ ለመከላከል፣ እያፈሰሳችሁ ሽፋኑን በጎማ መዶሻ ደብደብ አድርጉ፤ አረፋው ይወጣል።

በመጨረሻ የሞተሩን ቀዳዳዎች ስትበሱ፣ ብሎኖቹን ለጀልባ በተሠራ የፖሊዩሪቴን ማሸጊያ እሰሩ። የወጥ ቤቱን ሲሊኮን ለመታጠቢያ ቤት ተዉት።