ውሻው መከላከያ እየወሰደ የልብ ትል ለምን ተገኘበት?

የልብ ትል በቢምቢ እንደሚተላለፍ ታውቃላችሁ። አሜሪካ ውስጥ መከላከያው ያለ ሐኪም ትዕዛዝ እንደማይሸጥም ታውቃላችሁ። እሱን ልለፈው። የምሠራው ሂውስተን አካባቢ ባለ የእንስሳት ክሊኒክ ነው። ውሻ ያላቸው አበሾች ይዘውት የሚመጡት ችግር ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው።

ችግር፦ "በየወሩ እሰጠዋለሁ፤ ምርመራው ግን አለበት አለ"

ምክንያቱ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል የተዘለለ ወር ነው። ሰው ዋሽቶ አይደለም፤ ከልቡ የሰጠ ይመስለዋል። ስለዚህ "እስቲ ካርቶኑን አምጡልኝ" እላለሁ። አምና የተገዛው የስድስት ወር ካርቶን ውስጥ ሦስት ክኒን ቁጭ ብሎ ይገኛል። አባት እናት የሰጠች ይመስለዋል፣ እናት ልጁ የሰጠ ይመስላታል፣ ለልጁ ደግሞ ማንም አልነገረውም። ሌላው የማየው ቤተሰቡ አገር ቤት ሄዶ ሁለት ወር ሲቆይ ነው። ውሻው ጓደኛ ቤት ይቀመጣል፤ ምግቡ አብሮ ይሄዳል፣ አልጋው ይሄዳል፣ ክኒኑ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። "አሁን ብርድ ነው፣ ቢምቢ የለም" ብለው ከኅዳር እስከ የካቲት የሚያቆሙም አሉ። ሂውስተን እኮ ነው! ታኅሣሥ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ሞቅ ካለ ቢምቢው ይወጣል።

አንድ ወር ይህን ያህል የሚያስከፍለው ለምንድን ነው? በየወሩ የሚሰጠው ክኒን የሚሠራው ወደ ኋላ ነው። ባለፈው ወር በቢምቢ ንክሻ የገቡትን እጮች፣ ማለትም ገና ያላደጉትን ትሎች፣ ይገድላል። እጩ ሁለት ወር ገደማ ካለፈው አድጓልና ክኒኑ በቀላሉ አይገድለውም። ከገባ ስድስት ሰባት ወር ሲሆነው ልብና የሳንባ ደም ሥር ውስጥ ጎልማሳ ትል ይሆናል። ሴቷ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ትረዝማለች፣ ከ5 እስከ 7 ዓመትም ትኖራለች። የተለመደው የደም ምርመራ የሚያገኘው ደግሞ የጎልማሳዋን ሴት ምልክት ነው። ለዚህ ነው ነሐሴ ላይ የተዘለለ ክኒን የካቲት ወይም መጋቢት ላይ የሚያስደነግጣችሁ፤ ያኔ ነሐሴን ማን ያስታውሳል። የአሜሪካ የልብ ትል ማኅበርም ዓመቱን ሙሉ ስጡ፣ በየዓመቱ አስመርምሩ የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው።

መፍትሄ፦ መድኃኒት ስትመርጡ ከውሻው በፊት የሚሰጠውን ሰው እዩ። ቤታችሁ ሥራ የበዛበት፣ ፈረቃ የሚገባበት፣ ጉዞ የሚበዛበት ከሆነ ክኒኑን ተዉትና ሐኪሙ የሚወጋውን ሞክሲዴክቲን የሚባል መከላከያ ጠይቁ። 6 ወር የሚሠራ አለ፣ 12 ወር የሚሠራም አለ። የ12 ወሩ ዓመት ላልሞላው ቡችላ አይሰጥም። ክኒን ከመረጣችሁ ግን ኃላፊው አንድ ሰው ይሁን። ቀኑ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ይሁን፣ ስልክ ላይ ማስታወሻ ይደረግ፣ የተሰጠበት ቀን ካርቶኑ ላይ ይጻፍ። ሲሰጥም ውሻው መዋጡን ቆማችሁ እዩ፤ ከሶፋ ሥር የተተፋ ክኒን ያገኙ ብዙ ናቸው። አንድ ወር ካለፋችሁ ደብላችሁ አትስጡ። ለሐኪሙ ቁርጡን ንገሩት፤ መከላከያው ወዲያው ይጀመራል፣ ምርመራው አሁንም ከ6 ወር በኋላም ይደረጋል።

ችግር፦ አንድም ወር አልተዘለለም፣ ግን ተገኘበት

መጀመሪያ የክኒኑን ስም አንብቡ። ኔክስጋርድ ብቻውን ለቁንጫና ለመዥገር ነው፤ የልብ ትል የሚከላከለው ኔክስጋርድ ፕላስ ነው። ሲምፓሪካም እንደዚሁ፤ የሚከላከለው ትሪዮ የሚል ሲኖርበት ነው። ካርቶኖቹ ይመሳሰላሉ፣ ሰው ይሸወዳል፣ ያናድደኛል። ቡችላው አድጎ የኪሎ ክልሉን አልፎም ሊሆን ይችላል፤ መዝኑት። ቆዳ ላይ የሚፈስ ከሆነ ወዲያው አጥባችሁት ይሆናል። መድኃኒቱን የለመደ ትልም አለ፤ ብዙ የተገኘው በታችኛው ሚሲሲፒ ወንዝ አካባቢ ነው።

ችግር፦ ምራቁ ይዝረከረካል፣ ይንገዳገዳል፣ ይንቀጠቀጣል

ለከብት ወይም ለፈረስ የተሠራ አይቨርሜክቲን የሚባል የትል መድኃኒት ሰጥታችሁታል? እባካችሁ አታድርጉት። "አገር ቤት ለበግ እንወጋው የለም እንዴ" የሚሉ አባቶች አሉ። ሒሳቡን እዩት። የልብ ትልን ለመከላከል የሚበቃው አይቨርሜክቲን በኪሎ 6 ማይክሮግራም ነው። 10 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 60 ማይክሮግራም ማለት ነው። የከብቱ 1 በመቶ መርፌ በአንድ ሚሊ ሊትር 10,000 ማይክሮግራም አለው። የሚያስፈልጋችሁ ከአንድ ጠብታ በብዙ ያነሰ ነው፤ በየትኛው ስሪንጅ ልትለኩት? የፈረሱ አንድ ቱቦ ደግሞ 1,250 ፓውንድ ለሚመዝን ፈረስ የተመጠነ ነው። ኮሊና መሰል የእረኛ ውሻ ዝርያዎች መጠኑ ሲበዛ ከሌሎቹ ይልቅ ክፉኛ ይጎዳሉ። ከሰጣችሁ ሳትደብቁ ሳታፍሩ ወደ ሐኪም ሩጡ።

ችግር፦ ያስላል፣ ቶሎ ይደክማል፣ ከስቷል

ትሉ አድጓል፤ እዚህ ላይ መከላከያ ብቻውን አይበቃም። ሕክምናው በሐኪም የሚሰጥ፣ ጎልማሳውን ትል የሚገድል የሜላርሶሚን መርፌ ነው፤ ሦስት ጊዜ ይወጋል፣ ከዚያ በፊት ዶክሲሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ይሰጣል። ለወራት መሮጥ የለም፣ ኳስ የለም፣ ደረጃ ላይ መጋለብ የለም። የሞተው ትል ተሰባብሮ ሳንባውን ይዘጋል፣ ሲሮጥ ይብሳል። "ተሽሎታል" ብላችሁ ፓርክ አትውሰዱት። ድንገት ከወደቀ፣ ድዱ ከነጣ ወይም ሽንቱ ወደ ጥቁር ቀይ ከተለወጠ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።