ካሜራው ተሰክቶ ኮምፒውተሩ ዝም ሲል

የጥምቀት ሰሞን አልፎ ሰርግና ክርስትና ሲበዛ አንድ ጥያቄ ይደጋገማል። «ካሜራውን ሰካሁት፤ ኮምፒውተሩ ግን አላየውም። ፎቶዎቹ ጠፉ ማለት ነው?»

አልጠፉም። ፎቶው ያለው ሚሞሪው ላይ ነው። ካሜራውን ነቅላችሁ አብሩትና ፎቶ የሚያሳየውን ቁልፍ ተጫኑ። ጃንሜዳ ያነሳችሁት ሁሉ አንድ በአንድ ከታየ ሚሞሪውም ካሜራውም ደህና ናቸው። የተበላሸው በካሜራውና በኮምፒውተሩ መካከል ያለው መንገድ ነው። እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ በነፃ ወይም በትንሽ ብር ይስተካከላል። ስለዚህ ወደ ጠጋኝ ከመሮጣችሁ በፊት ከውጭ ወደ ውስጥ እየፈተሻችሁ ሂዱ።

አንድ ነገር ግን አደራ። በየትኛውም ሰዓት ኮምፒውተሩ «ዲስኩ ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ቢጠይቃችሁ እሺ እንዳትሉ፤ ፎርማት ማለት ሚሞሪውን ባዶ ማድረግ ነው። ምክንያቱን ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ሲሰካ ድምፅ የለም፣ የሚታይ ነገርም የለም

መጀመሪያ ገመዱን ጠርጥሩ። እዚህ ከተማ ብዙ ካሜራ የሚገባው በዘመድ ሻንጣ ነው። ካርቶኑና የራሱ ገመድ እዚያው ይቀራል። ከዚያ ቤት ውስጥ የተገኘው ገመድ ይሰካል፤ ከፓወር ባንክ ጋር የመጣው፣ ከጆሮ ማዳመጫ ጋር የመጣው፣ ሜክሲኮ ወይ ስታዲየም መንገድ ዳር የተገዛው። ጫፉ ይገጥማል። ካሜራው ቻርጅ ማድረግም ሊጀምር ይችላል። ፎቶ ግን አያሳልፍም።

ለምን እንደሆነ ማየት ከፈለጋችሁ፣ የማትፈልጉት እንዲህ ያለ የቻርጅ ገመድ ካለ በምላጭ ሰንጥቁት። ብዙውን ጊዜ ከላስቲኩ ስር ቀይና ጥቁር፣ ሁለት ቀጫጭን ሽቦ ብቻ ታገኛላችሁ። የእነሱ ስራ ኤሌክትሪክ ማድረስ ነው። ፎቶው የሚያልፈው በሌሎች ሁለት ሽቦዎች ነው፤ በተለምዶ አረንጓዴና ነጭ ናቸው። እነሱ ከሌሉ ኮምፒውተሩ ካሜራ መሰካቱን እንኳ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ብትጭኑ፣ ደጋግማችሁ ሪስታርት ብታደርጉ ፍንክች አይልም።

መፈተሻው ቀላል ነው። የገመዱ ጫፍ ለስልካችሁ የሚሆን ከሆነ ስልኩን በዚያው ገመድ ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩና የስክሪኑን ሎክ ክፈቱ። አንድሮይድ ከሆነ ፋይል የማስተላለፍ ምርጫ ይሰጣችኋል። ቻርጅ ከማድረግ በቀር ምንም ካላለ ገመዱ ለቻርጅ ብቻ ነው። አዲስ ልትገዙ ስትሄዱ ካሜራውን ያዙ። «የዳታ ገመድ» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሻጩ እዚያው ላፕቶፕ ላይ ሰክቶ ያሳያችሁ። የቆዩ ካሜራዎች ብዙዎቹ የሚፈልጉት ሚኒ ዩኤስቢ ነው፤ ከማይክሮው ወፈር ይላል። አንዳንድ የኒኮን ኩልፒክስ ሞዴሎች ደግሞ የራሳቸው ባለ 8 እግር ሶኬት አላቸው። የማይገባውን በግድ አትግፉ። የካሜራው ሶኬት ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ አንዴ ከተነቃነቀ ጣጣው ብዙ ነው።

ገመዱ ደህና ከሆነ የምትሰኩበትን ቦታ ቀይሩ። ዴስክቶፕ ከሆነ የፊቱን ትታችሁ ከኋላ ሰኩ። የዩኤስቢ ማከፋፈያ ካለም አውጡት፤ ካሜራው በቀጥታ ይሰካ። በነገራችን ላይ ካሜራው በርቶ መሰካት አለበት። ተዘግቶ የሚሰካ ካሜራ ቁጥሩ ቀላል አይደለም።

ድምፁ ይሰማል፣ ካሜራው ግን የለም

ይሄ ጥሩ ምልክት ነው። ገመዱ ይሰራል ማለት ነው።

ብዙ ሰው ካሜራውን የሚፈልገው እንደ ፍላሽ ነው። አሁን ያለው አብዛኛው ካሜራ ግን እንደ ፍላሽ የራሱን ፊደል (ዲ፣ ኢ የሚሉትን) ይዞ አይመጣም። ዊንዶውስ ላይ «ዚስ ፒሲ»ን ስትከፍቱ በሞዴሉ ስም ለብቻው ይቀመጣል። ማክ ላይ ደግሞ ፋይንደር ውስጥ ስትፈልጉት ብትውሉ ላታገኙት ትችላላችሁ፤ «ኢሜጅ ካፕቸር»ን ወይም «ፎቶስ»ን ክፈቱ።

እዚያም ከሌለ ወደ ካሜራው ሜኑ ግቡ። ካኖን ከሆነ ዋይፋዩን አጥፉት። እንደ 6ዲ እና 70ዲ ባሉት ላይ ዋይፋይ ከተከፈተ በገመድ መገናኘት አይቻልም፤ ካሜራው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የሚቀበለው። ሶኒ ከሆነ «ዩኤስቢ ኮኔክሽን» የሚለውን ፈልጉ። «ፒሲ ሪሞት» ላይ ከሆነ ካሜራው ከኮምፒውተር ለመታዘዝ ነው የተዘጋጀው። ፎቶ ለማውረድ «ማስ ስቶሬጅ» ወይም «ኤምቲፒ» ላይ አድርጉት።

ካሜራው ተስተካክሎም ዊንዶውሱ ካስቸገረ «ዲቫይስ ማናጀር»ን ክፈቱ። ከካሜራው ወይም ከማይታወቅ እቃ አጠገብ ቢጫ ምልክት ካለ «አንኢንስቶል» አድርጉ፣ ገመዱን ንቀሉ፣ ሪስታርት አድርጋችሁ መልሳችሁ ሰኩ። ድራይቨር (ኮምፒውተሩ ከእቃው ጋር የሚግባባበት ፕሮግራም) ፍለጋ ኢንተርኔት ውስጥ አትግቡ። ዊንዶውስ ከኤክስፒ ዘመን ጀምሮ አብዛኛውን ካሜራ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ያውቃል። «የካሜራችሁ ድራይቨር እዚህ አለ» የሚሉ ገፆች ብዙዎቹ የሚያስጭኗችሁ ሌላ ነገር ነው።

አንድ የማይጠረጠር ምክንያትም አለ። የተጫነላችሁ ዊንዶውስ ስሙ መጨረሻ ላይ «ኤን» የሚል ፊደል ካለው ለአውሮፓ ገበያ የተዘጋጀ ነው፤ የሚዲያ ክፍሉ ተቀንሶለታል። እሱ ሲቀነስ ካሜራና ስልክ የሚያነበውም አብሮ ይቀራል። ከሴቲንግ ውስጥ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ገብታችሁ «ሚዲያ ፊቸር ፓክ»ን ጨምሩና ሪስታርት አድርጉ።

ይገናኛል፣ መሀል ላይ ይቋረጣል

ባትሪው ነው፣ ወይም ካሜራው ራሱን የሚያጠፋበት ሰዓት አጭር ነው። ባትሪውን ሙሉ፤ «አውቶ ፓወር ኦፍ»ን አስረዝሙ። መብራት እንደሚሄድ እያወቃችሁ ደግሞ «ከት» አድርጋችሁ አታውርዱ። ሁልጊዜ «ኮፒ» ይሁን። ዴስክቶፑ መሀል ላይ ቢጠፋ ዋናው ሚሞሪው ላይ ይጠብቃችኋል።

ፎልደሩ የለም፣ በቦታው ሾርትከት ተቀምጧል

ይሄን ምልክት የሚያዩት በተለይ ሚሞሪያቸውን ለህትመት ፎቶ ቤት ሰጥተው የተመለሱ ናቸው። አንዱ ኮምፒውተር ላይ ቀኑን ሙሉ የስንቱ ሰው ፍላሽና ሚሞሪ ሲሰካ ይውላል። አንዱ ቫይረስ ካለበት ለሌላው ይደርሰዋል። ቫይረሱ ፎቶዎቹን አይሰርዝም። ፎልደሩን ይደብቅና በእሱ ስም ሾርትከት ያስቀምጣል፤ እናንተ ስትጫኑት የእናንተ ኮምፒውተር ላይም ይገባል።

ስለዚህ ሾርትከቱን አትንኩት። ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ «ቪው» ላይ ሄዳችሁ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ። አሁንም ካልታዩ ኦፕሽን ውስጥ ገብታችሁ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውን ምልክት አንሱ። ካሜራው ፎቶ የሚያስቀምጥበት «ዲሲአይኤም» የሚለው ፎልደር ደብዘዝ ብሎ ብቅ ይላል። ፎቶዎቹን ብቻ ኮፒ አድርጉ፣ ኮምፒውተሩን በአንቲቫይረስ ፈትሹ። ኮፒው መከፈቱን ካረጋገጣችሁ በኋላ ሚሞሪውን እዚያው ካሜራው ውስጥ ፎርማት አድርጉት።

ከዚያ ወዲያ መከላከያው በጣታችሁ ጫፍ ላይ ነው። የኤስዲ ሚሞሪን በግራ ጎኑ እዩት፤ ትንሽ ተንሸራታች አለች። ለፎቶ ቤት ከመስጠታችሁ በፊት «ሎክ» ወደሚለው ሳቧት። ፎቶው ይነበባል፣ አብዛኛው ኮምፒውተር ግን ምንም ሊፅፍበት አይችልም። ቤት ስትመለሱ መልሷት፤ አለበለዚያ ካሜራው ፎቶ አላነሳም ይላችኋል። ከዚህም የሚሻለው የሚታተሙትን ብቻ በፍላሽ ወስዶ ሚሞሪውን ቤት መተው ነው።

«ግማሹ ፎቶ አልወረደም»

ወርዷል፤ የተቀመጠው ሌላ ዓመት ውስጥ ነው። ካሜራ ያለ ባትሪ ለረጅም ጊዜ ከተቀመጠ ሰዓቱ ወደ መነሻው ይመለሳል። የማውረጃ ፕሮግራሞች ደግሞ ፎቶውን የሚያስቀምጡት በተነሳበት ቀን ነው። አንዳንዱም ካሜራውን በእኛ ዘመን አቆጣጠር ይሞላዋል። ያኔ ፎቶው ከስልክ ፎቶዎቹ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ይቀመጣል። ካሜራው ላይ የፈረንጁን ቀን ሙሉ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያሉትን ለማግኘት የቆዩትን ዓመታት ክፈቱ።

ገመዱን ትቶ በካርድ ሪደር

እውነቱን ለመናገር እኔ ገመድ አልመክርም። ሚሞሪውን አውጥቶ ካርድ ሪደር ላይ መሰካት ይቀላል፣ የካሜራውን ባትሪም ሶኬትም ያተርፋል። መጀመሪያ ካሜራውን አጥፉ፣ ከዚያ ሚሞሪውን አውጡ። ወርቃማዎቹን መስመሮች በጣት አትንኩ።

የፎርማቱ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። እስከ 2 ጊጋ ያለው ኤስዲ ነው። ከዚያ እስከ 32 ጊጋ ያለው ኤስዲኤችሲ ይባላል፤ የወጣው በፈረንጅ 2006 ነው። ከ32 ጊጋ በላይ ያለው በፈረንጅ 2009 የመጣው ኤስዲኤክስሲ ነው። ሶስቱም መልካቸው አንድ ስለሆነ የትኛውም ሪደር ውስጥ ይገባሉ። አሮጌ ላፕቶፕ ወይም አሮጌ ሪደር ግን የ64 ጊጋውን ማንበብ ያቅተውና «ፎርማት ይደረግ?» ይላል። ሚሞሪው ምንም አልሆነም፤ ሪደሩ ነው ያረጀው። ሰርግ የሚያህል ነገር በአንድ «እሺ» የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። «ካንስል» በሉና ሌላ ሪደር ሞክሩ።

እሺ ብላችሁ ከሆነ ወይም ካሜራውም ሚሞሪውን ማንበብ ካቃተው በዚያ ሚሞሪ አንድም ፎቶ አታንሱ። አዲሱ በአሮጌው ላይ ይፃፋል። አውጡትና «ፎቶሬክ» የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ተጠቀሙ፤ የሚያገኘውንም ኮምፒውተሩ ላይ እንጂ ሚሞሪው ላይ እንዳያስቀምጥ። ፈጣን ፎርማት ከሆነ የተደረገው፣ ብዙ ጊዜ አብዛኛው ፎቶ ይመለሳል።

የካሜራው ሶኬት ራሱ ተነቅሎ ከሆነ ደግሞ ለማስበየድ አትቸኩሉ። ባትሪውን በራሱ ቻርጀር የምትሞሉ ከሆነ፣ ፎቶውንም በሪደር የምታወርዱ ከሆነ፣ ያ ሶኬት ቀርቶባችሁም ካሜራው እንደ በፊቱ ያገለግላል።