የተረፈ የመጥበሻ ዘይት፦ እንዴት መልሰን እንጠቀም፣ እንዴትስ እናስወግድ

ሳምቡሳ ወይም ዓሣ ተጠብሶ ሲያበቃ መጥበሻው ላይ ብዙ ዘይት ይቀራል። በዛሬ ዋጋ መድፋቱ ያሳሳል።

መጀመሪያ እሳቱን አጥፉና ይብረድ። ትኩስ ዘይት ላይ ውሃ ጠብ እንዳይል። ሃይላንድ ውስጥም በትኩሱ አትገልብጡት፤ ፕላስቲኩ ይኮማተራል። የሚረጋው የፓልም ዘይት ከሆነ ግን አታሳድሩት። በአዲስ አበባ ብርድ ጠዋት ድርቅ ብሎ ይጠብቃችኋል። ለብ እንዳለ አጥልሉት።

የሻይ ማጥለያ ብቻውን አይበቃም። ደቃቁ ዱቄት ያልፍና በሚቀጥለው ጥብስ አርሮ ምግቡን መራራ ያደርገዋል። ማጥለያው ላይ ንጹሕ የነጠላ ቁራጭ ደርቡበት። ከሥር የዘቀጠውን ተዉት።

ከዚያ በጠርሙስ ከድናችሁ ጨለማ ቦታ አስቀምጡ። የዓሣው ለዓሣ ብቻ ይሁን። ሥጋ ወይም እንቁላል የተጠበሰበት ላይ ምልክት አድርጉ፤ ረቡዕ የፆም ወጥ ውስጥ እንዳይገባ። እኔ ከሁለት ጊዜ በላይ አልደግምም። ከጠቆረ፣ አረፋ ካበዛ፣ ቶሎ ከጨሰ ወይም ሽታው ከተለወጠ ግን ሁለተኛውንም አትጠብቁ። አዲስ ዘይት መቀላቀል አያድነውም፤ አዲሱንም ያበላሻል።

ሲንክ ውስጥ መድፋት ደግሞ መዘዝ አለው። እኔ አራት ኪሎ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምኖረው። ለዓመታት ዘይቱን ደፍቼ የፈላ ውሃ አስከትል ነበር። ሲወርድ ስለማይ ሄደ ብዬ አምን ነበር። የሄደው ግን ከእኔ ዓይን ብቻ ነው። ውሃው ታች ሲደርስ ይቀዘቅዛል፣ ዘይቱ ቱቦው ላይ ይረጋል፣ የምግብ ፍርፋሪ ይይዛል። አንድ እሁድ ከሥር ያሉት እናት ወጥ ቤት በቆሻሻ ውሃ ተጥለቀለቀ። ቧንቧ ሠራተኛው ያወጣው ነጭ ጓል እንደ ሞራ ነበር። እኚያን እናት ይቅርታ ስጠይቅ ያፈርኩትን አልረሳውም። ፈሳሽ ሳሙናም መፍትሔ አይደለም፤ ትንሽ ወረድ ያደርገዋል እንጂ አያጠፋውም።

ስለዚህ የተበላሸውን ዘይት አሮጌ ጀሪካን ውስጥ አጠራቅሙ። ሲበዛ ሰጋቱራ ወይም የቀዘቀዘ የከሰል አመድ ውስጥ አፍስሱና እስኪመጠጥ አማስሉ። እኔ ሰጋቱራን እመርጣለሁ፤ እንጨት ቤቶች አይሰስቱም። ከዚያ በድርብ ፌስታል ቋጥሮ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ መስጠት ነው።

በኮስቲክ ሶዳ ሳሙና የሚሠሩም አሉ። ከሞከራችሁ ጓንት አድርጉ፣ ልጆችን አርቁ፣ ልኩን ከሚያውቅ ሰው ተማሩ። ሶዳው ውሃ ላይ ይጨመራል እንጂ ውሃ ሶዳው ላይ አይፈስም። የአሉሚኒየም ድስት አትጠቀሙ፤ ሶዳው ይበላዋል።

መጥበሻውንም ከማጠባችሁ በፊት በወረቀት ጥረጉት።