የድሮውንና የአዲሱን ፕሮሰሰር አቅም እንዴት እናወዳድር?

የኢንቴል ኩባንያ አይ7 ፕሮሰሰር ሁልጊዜ ከአይ3 ይበልጣል ብሎ የሚያምን ሰው ብዙ ነው። ትውልዳቸው አንድ ከሆነ በአብዛኛው እውነት ነው። በመካከላቸው አሥር ዓመት ካለ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ያገለገለ ዴስክቶፕ ከመግዛታችሁ ወይም ያላችሁን ከመቀየራችሁ በፊት በደንብ ማወዳደር ብዙ ገንዘብ ያድናል።

መጀመሪያ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስም ያዙ። «አይ5 ነው» ማለት ብቻውን ምንም አይነግርም። በዊንዶውስ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ፤ ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ሲፒዩን (ማለትም ፕሮሰሰሩን) ስትመርጡ ስሙን ከላይ፣ የኮር (ሥራውን የሚሠራው የፕሮሰሰሩ ክፍል) ብዛትና የካሽ (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ማስታወሻ) መጠኑን ከታች ታገኛላችሁ። በኢንቴል ኮር አይ ስሞች ትውልዱ ከሰረዙ ቀጥሎ ባለው ቁጥር መጀመሪያ ላይ ነው። 2600 ማለት 2ኛ ትውልድ፣ 12100 ማለት 12ኛ ትውልድ ነው።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን እንያቸው። ኮር አይ7-2600ኬ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣ። 4 ኮር፣ 8 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚሮጥ የሥራ መስመር)፣ ከፍተኛ ፍጥነቱ 3.8 ጊጋኸርዝ። ኮር አይ3-12100 እ.ኤ.አ. በ2022 ወጣ። እሱም 4 ኮር፣ 8 ትሬድ፣ ከፍተኛው 4.3 ጊጋኸርዝ። መነሻ ፍጥነቱማ 3.3 ነው፤ ከአሮጌው 3.4 እንኳ ያንሳል። ወረቀት ላይ እኩያ ይመስላሉ። በአንድ ኮር ሥራ ግን አይ3ው እጥፍ ገደማ ይፈጥናል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ጊጋኸርዝ የሚቆጥረው ፕሮሰሰሩ በሰከንድ ስንት ቢሊዮን ዙር እንደሚመታ ነው። በአንዱ ዙር ስንት ትእዛዝ እንደሚጨርስ አይቆጥርም። አዲሱ ኮር በአንድ ጊዜ ብዙ ትእዛዝ ያነሳል፤ ቀጥሎ የሚመጣውንም በተሻለ ይገምታል። ለእያንዳንዱ ኮር የተመደበው ሁለተኛ ደረጃ ካሽም ከ256 ኪሎባይት ወደ 1.25 ሜጋባይት አድጓል። ስለዚህ ዳታ ፍለጋ ወደ ራም የሚሄድበት ጊዜ ይቀንሳል። የኢንቴል ተፎካካሪ የኤኤምዲው ፕሮሰሰር ኤፍኤክስ-9590 እ.ኤ.አ. በ2013 እስከ 5 ጊጋኸርዝ ይደርስ ነበር፣ ለዚያውም በ220 ዋት። በአንድ ኮር ሥራ ያ አይ3 በሰፊው ይቀድመዋል። እኔ እንደማምነው፣ ትውልዳቸው በተራራቀ ፕሮሰሰሮች መካከል ጊጋኸርዝን ማወዳደር ጨርሶ መተው አለበት።

ቀጣዩ መለካት ነው። ሲኔቤንች ወይም ሲፒዩ-ዚ የተባሉት የመለኪያ ፕሮግራሞች በነጻ ይገኛሉ። ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ ዝጉ። ኮምፒውተሩ ከተነሳ በኋላ ከጀርባ የሚሠራው እስኪያልቅ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ሁለት ነገር ለዩ፤ የአንድ ኮር ውጤትና የሁሉም ኮር ውጤት። ለዕለት ተዕለት ሥራ፣ ለብሮውዘርና ለብዙ ጌሞች የመጀመሪያው ይበልጥ ይጠቅማል። ለቪዲዮ ኤዲቲንግና ለሬንደሪንግ ሁለተኛው።

የመለኪያው ቨርዥን አንድ መሆኑን ሳታረጋግጡ ምንም አትደምድሙ። የሲኔቤንች አር23 ነጥብ ከሲኔቤንች 2024 ነጥብ ጋር አይነጻጸርም፤ ሚዛናቸው የተለያየ ነው። ውጤቱን ከኢንተርኔት የምትወስዱ ከሆነም ተጠንቀቁ። 2600ኬን ኦቨርክሎክ አድርገው (ከተመደበለት ፍጥነት በላይ አስሩጠው) የለኩ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ያ ቁጥር የእናንተን ማሽን አይወክልም።

አሮጌውን ስትለኩ ሙቀቱንም እዩ። የደረቀ የሙቀት ቅባት ወይም አቧራ የጠገበ ፋን ካለ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ያኔ የምትለኩት የፋኑን ችግር እንጂ የፕሮሰሰሩን አቅም አይደለም። አጽድታችሁ ድገሙት። የአሥር ደቂቃ ሙከራ ከአንድ ዙር ሙከራ የበለጠ እውነቱን ያሳያል።

ኮር ስትቆጥሩም አትቸኩሉ። አይ9-12900ኬ 16 ኮር አለው ሲባል 8ቱ ትልልቅ፣ 8ቱ ደግሞ ኃይል ቆጣቢ ትንንሽ ኮሮች ናቸው።

ከነጥብ ሁሉ በላይ ግን የራሳችሁ ሥራ ይመዝናል። ዘወትር የምትሠሩትን አንድ ነገር ምረጡና በሁለቱም ማሽን ሰዓት ይዛችሁ ሥሩት። አንዱ ቪዲዮ በአሮጌው 12 ደቂቃ፣ በአዲሱ 8 ደቂቃ ፈጀ እንበል። 12ን ለ8 ስታካፍሉ 1.5 ይመጣል፤ አዲሱ በ50 በመቶ ይፈጥናል ማለት ነው። የቆጠባችሁት ጊዜ ግን 33 በመቶ ነው። ሁለቱን አታምታቱ፤ ሻጭ ሁልጊዜ ትልቁን ቁጥር ይጠራል።

ሥራው እየተካሄደ ታስክ ማናጀርን ተመልከቱ። ሲፒዩው 20 በመቶ ላይ ተቀምጦ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ከተለጠፈ ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ ላይሆን ይችላል። ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መቀየር ብቻውን ያንን አሮጌ ማሽን ነፍስ ይዘራበታል።

ፕሮሰሰሩ ራሱ መሆኑ ከተረጋገጠ ደግሞ ወጪውን በሙሉ ደምሩ። የ2600ኬ ማዘርቦርድ 12100ን አይቀበልም፤ ሶኬቱ (ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ቦታ) ሌላ ነው። ዲዲአር3 ራሙም ወደ አዲሱ አይሻገርም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ከሚደግፋቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ውስጥም 2ኛው ትውልድ የለም። ስለዚህ የምታወዳድሩት ፕሮሰሰርን ከፕሮሰሰር ሳይሆን ያላችሁን ማሽን ከአዲስ ማዘርቦርድ፣ ራምና ፕሮሰሰር ድምር ጋር ነው።