እናቱን ላጣ የዱር ግልገል የትኛው ወተት ይስማማዋል?

ሐዋሳ ውስጥ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። አሞራ ገደልና ሐይቁ ዳር ጦጣና ጉሬዛ ከሰው ጋር ተጋፍተው ስለሚኖሩ፣ እናቱን መኪና የገጨበት ወይም ውሻ የነከሰበት ግልገል በፎጣ ተጠቅልሎ ይመጣልኛል። ጥያቄው ሁሌም ያው ነው፦ «ዶክተር፣ ወተት ሰጥተነዋል፤ ለምንድነው የሚያስቀምጠው?» የሰጡት የላም ወተት ነው።

የላም ወተት ለጥጃ የተመጠነ ነው። 100 ግራሙ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ግራም ስብ፣ ከ3 ግራም ትንሽ ያለፈ ፕሮቲንና ወደ 5 ግራም የሚጠጋ ላክቶስ፣ ማለትም የወተት ስኳር አለ። የጦጣ ወተት ግን ፕሮቲኑ ያነሰ፣ ስኳሩ ከፍ ያለ ነው፤ የሰውን ይመስላል። የዱር ጥንቸል ወተት ደግሞ ስቡም ፕሮቲኑም ከ10 ግራም በላይ ነው፣ ስኳሩ ግን በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የማን ልጅ እንደሆነ እወቁ።

በእርግጥ እናት አልባ መሆኑንም አረጋግጡ። ድኩላና ሚዳቋ ልጃቸውን ቁጥቋጦ ውስጥ ደብቀው ሄደው፣ ለማጥባት ይመለሳሉ። ዝም ብሎ የተኛ፣ ቁስል የሌለው ግልገል ካገኛችሁ አትንኩት፤ ራቅ ብላችሁ ጠብቁ።

ሌላው ነገር፣ ሰውነቱ የቀዘቀዘ ግልገል ወተት አይሰጠውም። ሆዱ አይፈጭም። በፎጣ የተጠቀለለ የሞቀ ውሃ ጠርሙስ አጠገቡ አድርጉና ይሙቅ። ሲሞቅ ፋርማሲ የሚሸጠውን ኦአርኤስ በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጡና በጠብታ ስጡት። ወተቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ መጀመሪያ ቀጠን ብሎ፣ ቀስ በቀስ ወደ ትክክለኛው መጠን።

ለጦጣና ለጉሬዛ ልጅ የሚሆነው ከተወለደ እስከ 6 ወር ላለ ሕፃን የሚሸጠው ፎርሙላ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ ቁጥር 1 የተጻፈበት። አንከርና ኒዶ ፎርሙላ አይደሉም፣ የላም ወተት ዱቄት ናቸው። ሱቅ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ሰው በቀላሉ ይሳሳታል። ከቆርቆሮው ጋር የመጣውን ማንኪያ ሙሉና አፉን በቢላ ጀርባ ደልድሉት። «ይጠንክርለት» ብሎ ዱቄት መጨመር ሆዱን ያውከዋል። ጉሬዛ ቅጠል በል ስለሆነች ሙዝና ብስኩት አታቅምሷት፣ ብታስለቅሳችሁም።

ለድኩላና ለሚዳቋ የፍየል ወተት ከላም ይሻላል። አፍልታችሁ አብርዱት፣ ውሃ አትቀላቅሉበት። የዱቄት ምትክ ወተት ካገኛችሁ የበግ ግልገል የሚለውን ከጥጃው አስቀድሙ፤ ስቡ ከፍ ያለ ነው። ከረጢቱ ላይ ፕሮቲኑ ከወተት መሆኑንም አንብቡ፤ አኩሪ አተር ለጨቅላ ሆድ ይከብዳል። በዚያው ቀን የተወለደ ከሆነ ከምንም በፊት እንገር ያስፈልገዋል። በሽታ የሚከላከልበትን አቅም ከእናቱ ማህፀን አያገኝም፣ ከእንገሩ ነው የሚያገኘው፤ አንጀቱም ይህን የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነው። ጤነኛ አዲስ የወለደች ፍየል ያለው ጎረቤት ፈልጉ። እንገሩን ለብ አድርጉት እንጂ አታፍሉት፣ ይረጋል።

ለቀበሮ ግልገል ለቡችላ ተብሎ የሚሸጠው ምትክ ወተት ይሆናል። ለወፍ ጫጩት ወተት የሚባል ነገር የለም። አባኮዳ ከጎጆው ወድቆ ከተገኘ ዓሣ እንጂ ወተት አይሰጠውም።

አሰጣጡ ላይ ደግሞ ብዙ ነፍስ ይጠፋል። ግልገሉን እንደ ሕፃን ጀርባው ላይ አታስተኙት። ሆዱ ወደ ታች ይሁን፣ ጭንቅላቱ ትንሽ ቀና ይበል፤ ጦጣ ከሆነ የተጠቀለለ ፎጣ አቅፎ ይጥባ። መርፌ በሌለው ትንሽ ሲሪንጅ ጠብ ጠብ አድርጉ፣ እሱ እስኪውጥ ጠብቁ። ወተት ባፍንጫው ብቅ ካለ ወዲያው አቁሙና ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘንበል አድርጉ፤ ሳንባው ከገባ የሳንባ ምች ይይዘዋል። በአንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ 100 ግራም ክብደት ከ5 ሚሊ ሊትር አትለፉ። በየጠዋቱ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑት። የተረፈውን ወተት ድፉ። ከጠባ በኋላ የድኩላና የቀበሮ ግልገል መቀመጫ አካባቢ በእርጥብ ጥጥ ቀስ ብላችሁ እሹለት፤ እናቱ በመላስ ነው የምታሸናው።

ጓንት አድርጉ። ከነከሳችሁ ወይም ከቧጠጣችሁ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ከዱር እንስሳም ይይዛል።

ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ቤት ማሳደግ በሕግ የተከለከለ ነው። በዚያው ቀን ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ለወረዳችሁ የዱር እንስሳት ባለሙያ አሳውቁ። ሆለታ አጠገብ ያለው የቦርን ፍሪ እንሰሳ ኮቴ ማዕከልም እንዲህ ያሉትን ይቀበላል። ስታስረክቡ የሰጣችሁትን ወተት ዓይነት፣ የበጠበጣችሁበትን ልክና ሰዓቱን በወረቀት ጻፉ፤ ቆርቆሮውንም አብራችሁ ላኩ፤ ወተቱ በድንገት ከተለወጠበት እንደገና ያስቀምጠዋል።